መሶቡ ቀለም ለቀቀ፣ ሻገተ፣ ዱቄት አወጣ፦ ቫርኒሽ ልቀባው ወይ ላለችው የደብረ ብርሃን ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «እትዬ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስፌት ከእናቴ ተምሬ አሁን እየሸጥኩ ራሴን እችልበታለሁ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ የላክሁት መሶብ ተመለሰብኝ። ደንበኛዬ ቀዩ ቀለም እንጀራው ላይ ወጣ አለችኝ፣ ገልብጬ ሳየው ደግሞ እግሩ ውስጥ ሻጋታ አለ፣ ከዙሮቹ መሃልም ነጭ ዱቄት ይረግፋል። አንዱ ቀለሙ የቻይና ስለሆነ ነው አለኝ፣ ጎረቤቴ ጨው ጨምረሽ አፍዪው አለችኝ፣ አንድ አናጺ ደግሞ ቫርኒሽ ቀቢው ሁሉም ይቀራል አለኝ። ለጥር ሰርግ 4 መሶብ ታዝዣለሁ፣ የመስፊያ ሳሮቹን፣ ስንደዶውንም አክርማውንም፣ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ምን ይሻለኛል? ወይስ እንደ ሌሎቹ በሳሩ ፈንታ ወደ ሹራብ ክሩ ልዙር?»

ቫርኒሹን ተዪው። ጣሳው ከተገዛ እንኳን ለአናጺው መልሺለት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ነገር፣ አንድ መሶብ ላይ ሦስት ችግር ስላየሽ ምክንያቱ አንድ ይመስልሻል፣ አይደለም። ቀለም የለቀቀው ሲነከር በተበላሸ ስራ ነው። የሻገተው በአደራረቅና በአስተሻሸግ ነው። ዱቄቱ ደግሞ ከሳሩ ጋር አብሮ የመጣ ወይም ስታስቀምጪው የገባ ነፍሳት ነው። መካሪዎችሽ ሁሉ ለሦስቱም አንድ መድሃኒት እየሰጡሽ ነው፣ ግራ ያጋባሽም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድ፣ ከሁሉ የሚከብደው ቀለሙ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ቀለሙ የቻይና ይሁን የህንድ ይሁን ሌላ፣ የተሰራበት አገር ምንም አይነግርሽም። የሚነግርሽ ለምን አይነት ነገር የተሰራ ቀለም እንደሆነ ነው፣ ለጥጥ ነው? ለሱፍ ነው? ወይስ ምንነቱ የማይታወቅ ከትልቅ ቆርቆሮ በማንኪያ እየተሰፈረ በፌስታል ቋጥረው የሚሰጡሽ ነው? አብዛኛው የስፌት ሰሪ የሚገዛው ይሄን የመጨረሻውን ነው፣ ደማቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ትንሹ ብዙ ያቀልማል። ሳር ላይ በጣም ደምቀው የሚይዙት አንዳንዶቹ የዱቄት ቀለሞች ግን ምግብ ውስጥ እንዲገቡ የማይፈቀዱ ናቸው፣ ለምሳሌ ኦራሚን የሚባለው ቢጫ፣ ሮዳሚን ቢ የሚባለው ደማቅ ሮዝ፣ ማላካይት ግሪን የሚባለው አረንጓዴ። ያንቺ ፌስታል ውስጥ ያለው ከነዚህ አንዱ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ስም የሌለው ቀለም ሲሆን አንቺም እኔም ሻጩም ልናውቅ አንችልም ነው የምልሽ። ስለዚህ ስራሽን ማቀድ ያለብሽ ቀለሙ ምግብ መንካት እንደሌለበት አድርገሽ ነው።

አሁን ለምን እንደለቀቀ። የስንደዶን አገዳ አንስተሽ አንዲት ጠብታ ውሃ አድርጊበት፣ ውሃዋ ሳትገባ ተንከባልላ ትወርዳለች። ላዩ ላይ ሰም መሰል ልባስ አለው፣ ከስሩ ደግሞ ሲሊካ የሚባል የአሸዋ ዘር የሆነ ጠንካራ ነገር አለበት፣ ሳሩ ዝናቡንና ነፋሱን የሚችለው በሱ ነው። ቀለም ስትነክሪው ያ ልባስ ካልተነሳ ቀለሙ ላዩ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል እንጂ ውስጥ አይገባም። ሲታይ ያምራል፣ ሞቅ ያለ እርጥብ እንጀራ ሲያርፍበት ግን ይነሳል። መፍትሄው ከቀለም በፊት ሳሩን ማሸነፍ ነው፦ ሰንጥቀሽ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ እፍኝ የተነፋ አመድ በትነሽ በጨርቅ አጥልይና በዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍዪው። አመድ ከሌለሽ ትንሽ ሳሙና ይሆናል። ከዛ ደጋግመሽ እጠቢው፣ አመዱ ከቀረበት ቀጥሎ የምትጨምሪውን አቼቶ ገድሎ ስራሽን ያበላሽብሻል። አመዱን ደግሞ አታብዢው፣ ሲበዛ አገዳውን ያደክመውና ስትስቢው ይበጠሳል። በትክክል የጸዳ መሆኑን የምታውቂው ያችኑ ጠብታ ውሃ ደግመሽ ስታደርጊበት ነው፣ አሁን ሳትንከባለል ተዘርግታ ትሰምጣለች።

ሁለተኛው ጥፋት መጠን ነው። ቀለሙ ይድመቅ ብሎ ማንኪያ ላይ ማንኪያ መጨመር በጣም የተለመደ ነው፣ ሳር ግን የሚይዘው የተወሰነ ነው። ለ1 ኪሎ ደረቅ ሳር ከ20 እስከ 40 ግራም ቀለም በቂ ነው፣ ጥቁር ሲሆን ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዛ በላይ የጨመርሽው ሁሉ የሚይዝበት ቦታ የለውም፣ ወይ ከውሃው ጋር ይደፋል ወይ ሳሩ ላይ ትርፍ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ያ ትርፍ ነው የደንበኛሽ እንጀራ ላይ የወጣው። ትንሽ ሚዛን ግዢ እባክሽ፣ በዓይን መስፈር ለወጥ ነው የሚሆነው።

ሦስተኛው ማንም የማይነግርሽ ነገር ነው፣ ከፍታ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዛ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው እንጂ 100 ላይ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ወርደሽ ብትነክሪው 95 እና 96 ይደርስልሻል። ማሸጊያው ላይ ግማሽ ሰአት አፍሉ የሚል ቀለም ካገኘሽ ያ መመሪያ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው፣ አንቺ ጋ በግማሽ ሰአት ቀለሙ ገና መንገድ ላይ ነው። ደጋ ላይ አንድ ሰአት ተኩል ያህል በቀስታ እየተንተከተከ ይቆይ፣ ከዛ እሳቱን አጥፍተሽ እዛው ድስቱ ውስጥ እስኪበርድ ተዪው፣ ሌሊቱን ቢያድር ይበልጥ ጥሩ። ሳሩን የፈላ ውሃ ውስጥ በድንገት አትክተቺ፣ ለብ ሲል አስገብተሽ አብሮ ይሙቅ፣ አለበለዚያ ጫፉ ጠጥቶ መሃሉ ሳይጠጣ ይቀርና ዥንጉርጉር ይሆናል።

የጨውና የአቼቶ ነገር። ጎረቤትሽ ጨው ያለችሽ ለጥጥ ለሚሆነው ቀለም ልክ ናት፣ እሱ ጨው ይፈልጋል። ለሱፍ የሚሆነውና ያ ደማቁ የዱቄት ቀለም ግን የሚፈልጉት አቼቶ ነው፣ ለ20 ሊትር ሁለት ሲኒ ያህል፣ ዱቄቱን መጀመሪያ በአቼቶው ለውሰሽ ከዛ በሙቅ ውሃ አቅጥነሽው። ምን እንደገዛሽ ካላወቅሽ አንድ ጭብጥ ሳር ለሁለት ክፈይ፣ አንዱን በጨው አንዱን በአቼቶ ንከሪ፣ ሳሩ የበለጠ የጠጣበትንና ውሃው የበለጠ የነጣበትን ያዢ። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ጨውም አቼቶም የሚሰሩት ሳሩ ሲነከር ነው። ተሰፍቶ ያለቀ መሶብ ላይ ጨው ውሃ መርጨት ወይ መዘፍዘፍ ቀለሙን አያስይዝልሽም፣ ዙሩን ያላላል፣ ቅርጹን ያበላሻል፣ ውስጡን ያረጥባል፣ ከዛ ሻጋታ ትጠሪያለሽ።

ከተነከረ በኋላ ውሃው ንጹህ ሆኖ እስኪወርድ እጠቢ፣ ጥላ ላይ አድርቂ። ከዛ ፈተና አለ። ብዙ ሰው የሚፈትነው በውሃ ነው፣ ይሄ አይበቃም፣ ምክንያቱም እንጀራ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ኮምጣጣ ነው። በውሃ ምንም ያልለቀቀ ቀለም በኮምጣጣ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ነጭ አቡጀዲ ቁራጭ በሊጥ እርሾ አርሰሽ፣ ሊጡ ላይ የሚጠልለውን ቢጫ ውሃ ማለቴ ነው፣ የተነከረውን ሳር ጠቅልይበትና ድንጋይ ጭነሽበት አሳድሪው። ሌላ ቁራጭ ደግሞ በሞቀ ዘይት አርሰሽ እንደዚሁ አድርጊ፣ ወጥ ይፈሳላ። ጠዋት አቡጀዲው ነጭ ከሆነ ጥሩ፣ ሮዝ ካለ ያንን ሳር ለመሶብ አታውዪው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ የነከርሽበት ድስት ተመልሶ ወጥ አይሰራበትም፣ መቼም። ዱቄቱን ስትለውሺ አፍሽንና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ጓንት አድርጊ፣ ልጆች አጠገብሽ አይኑሩ። የተነከረውን ስንጥቅ ደግሞ እየሰፋሽ ለማራስ በከንፈርሽ መያዝ ካለ ዛሬውኑ ተዪው፣ እርጥብ ጨርቅ አጠገብሽ አስቀምጪ።

«ታዲያ በተፈጥሮ ቀለም ልስራ» የምትይ ከሆነ፣ ደስ ይለኛል ግን ተፈጥሮ ስለሆነ አይለቅም ማለት አይደለም። እርድ ወዲያው ያምራል፣ ፀሐይ ሲያየው ይነጣል፣ ሲረጥብ ይለቃል። እንሶስላ እጅ ላይ እንዴት እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን፣ ጠጉርና ቆዳ ግን እንደ ሳር አይደሉም። የተፈጥሮ ቀለም ሳር ላይ እንዲቆይ መጀመሪያ እንደ ግራር ልጣጭ ያለ ነገር ውስጥ መቀቀል፣ ቀጥሎ ሸብ ውስጥ ማሳደር ይፈልጋል። ረጅም ስራ ነው፣ ቀለሙም የጠቆረና የደበዘዘ ነው የሚሆነው። ገበያው ይሄን የሚፈልግ ደንበኛ ካለሽ ሞክሪው፣ ለጥር ወር ሰርግ ግን አሁን አትጀምሪው።

እና ቀለሙ ሁሉን ፈተና ቢያልፍም ምክሬ አይለወጥም፣ እንጀራ የሚያርፍበት ወለል ላይ ምንም ቀለም አይግባ። አንዳንዱ «ውጩን ብቻ አቀልመዋለሁ» ይላል፣ አንቺ ሰሪ ስለሆንሽ ይሄ እንደማይሆን ታውቂዋለሽ። ስንጥቁ የውስጡን ሳር ሙሉ ለሙሉ ዞሮ ነው የሚያስረው፣ ውጪ ቀይ የሆነው ዙር ውስጥም ቀይ ነው። ስለዚህ ጌጡ መጀመር ያለበት ወለሉ አልቆ ግድግዳው ሲነሳ ነው፣ ከመሃሉ ጀምሮ እስከ ወለሉ ዳር በራሱ በሳሩ መልክ ሰፍተሽ፣ ከዛ አለላሽን፣ የተነከረውን ስንጥቅ፣ እንደፈለግሽ ጨዋታ አጫውቺው፣ ክዳኑ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ እግሩ ላይ። ነጣ ያለው ወለል በራሱ መልክ አለው ኮ፣ አዲስ የመስከረም ሳር ወርቅ ነው የሚመስለው። ደንበኛ የግድ ወለሉም ጌጥ ይሁን ካለች ቀለም የሌለው ስስ ሰፌድ ለብቻ ሰፍተሽ ውስጡ ተቀማጭ አድርጊላት፣ ተነስቶ የሚናፈስ ስለሆነ ለሻጋታውም ይረዳል።

ወደ ሻጋታው። እግሩ ውስጥ ነው ያልሽኝ፣ ወለሉ ላይ አይደለም። ይሄ ብዙ ይናገራል። ከእንጀራው እርጥበት ቢሆን ኖሮ የሚጀምረው እንጀራው ካረፈበት ነበር። እግር ውስጥ የጀመረ ሻጋታ መሶቡ ከቤትሽ ሲወጣ እርጥብ እንደነበረ ነው የሚያሳየው። ስትሰፊ ስንጥቁን ታረጥቢያለሽ፣ እርጥበቱ ወደ ውስጡ ሳር ይገባል፣ ዙር ላይ ዙር ሲደራረብ ውስጡ መውጫ ያጣል፣ ላዩ በእጅሽ ሲነካ ደረቅ ነው። ክረምት ነው ያልሽኝ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ይደርቃል? ጣርማበርና አንኮበር በኩል ያሉት ደግሞ ከዝናቡ ሌላ ጉሙም አለባቸው። ከዛ በፌስታል ጠቅልለሽ አዲስ አበባ ላክሽው መሰለኝ። አየሩ ከ70 እስከ 75 በመቶ እርጥበት ይዞ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ሌላ ምንም አይፈልግም፣ ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ ከዛ በላይ ነው።

ስለዚህ ሰፍተሽ ስትጨርሺ ወዲያው አትዝጊው፣ ክዳኑን ለብቻ መሶቡን ለብቻ አድርገሽ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ እግሩ ወደ ላይ ዞሮ ይቀመጥ። መድረቁን በእጅ አትለኪው፣ በሚዛን ለኪው፣ ዛሬ መዝኚ፣ ከሁለት ቀን በኋላ መዝኚ፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ውሃ እየወጣ ነው፣ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። እግሩን ወይ ጠርዙን ቆዳ የምታለብሺው ከሆነ ከዛ በኋላ ብቻ ነው፣ እርጥብ ላይ የተሰፋ ቆዳ እንደ ፌስታሉ ነው። ስትልኪ በአቡጀዲ ወይም በጋዜጣ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ፣ ፌስታል ካስፈለገ ለዝናብ ብቻ ከላይ ጣል ይደረግ፣ አፉ አይታሰር። በክረምትና በልግ ላይ ትልልቅ መሶብ ባትጨርሺ ነው የሚሻለው፣ ያን ጊዜ ሰፌድና ትንንሽ ነገር ስሪ፣ ትልቁን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ጨርሺው። የደብረ ብርሃን ብርድና ንፋስ ለሰው ከባድ ቢሆንም ለስፌት ግን ከሱ የተሻለ የለም።

ለደንበኛሽም የምትነግሪያት አለ። ከግማሽ በላይ የእንጀራ ክብደት ውሃ ነው። ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ መሶብ ውስጥ አይገባም፣ ሰፌድ ላይ በርዶ እንፋሎቱ ሲወጣለት ከስር ንጹህ ጨርቅ ተደርጎለት ነው የሚገባው። መሶቡ በሳምንት አንዴ ባዶውን ተከፍቶ ይናፈስ። በሳሙና ውሃ የሚታጠብ እቃ አይደለም፣ ፍርፋሪው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፣ የፈሰሰ ወጥ ካለ ተጨምቆ በደረቀ ጨርቅ ይጠረግና ወዲያው ይደረቃል። እነዚህን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ከመሶቡ ጋር ላኪ፣ ከተማ ያደጉ ልጆች ይሄን የነገራቸው ሰው የለም።

ዱቄቱ። መጀመሪያ ዱቄት ነው ወይስ ሻጋታ የሚለውን ለይ። መሶቡን ጥቁር ጨርቅ ላይ አንኳኪው፣ የረገፈውን በጣትሽ እሺው፣ እንደ ሱፍ ጭገር ካለውና ከተቀባ ሻጋታ ነው፣ ደረቅ ሆኖ እንደ ደቀቀ እንጨት ከሆነና ሳሩ ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ካለ ነፍሳት ነው። ጨርቁን አራግፈሽ መሶቡን እዛው አሳድሪው፣ ጠዋት አዲስ ዱቄት ካለ ነፍሳቱ በህይወት አሉ። ከየት መጡ ካልሽ፣ ስንጥቁን ለቀለም ስታፈዪው ያለው ሁሉ ይሞታል፣ የውስጡን ሳር ግን ማንም አያፈላውም፣ እንደመጣ ነው የሚሰፋው። ዘሩ ያልተራገፈ፣ እህል ከተከማቸበት ክፍል ያደረ፣ ጥግ ላይ ታስሮ የከረመ ሳር ከሆነ እንቁላሉን ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ የውስጡንም ሳር ራሱን ቆርጠሽ ዘሩን አራግፈሽ ለ15 ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ አሳልፊውና በደንብ አድርቂው፣ ስራው ይጨምራል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንዴ ነው። ሳሩን ከእህል ጋር አንድ ክፍል አታስቀምጪ፣ ጣራ ስር በገመድ ሰቅለሽ አየር እንዲያገኘው አድርጊ።

እዚህ ላይ በጣም የምፈራው ነገር አለ። «የነቀዝ ክኒን» የሚባለውን፣ ጎተራ ውስጥ የሚጣለውን፣ መሶብ ውስጥ ወይም ሳሩ ያለበት ክፍል የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፣ የአየር እርጥበት ሲነካው መርዝ ጋዝ ያወጣል፣ በተኙበት ሰው ይገድላል። ማላታይን የሚባለው የነፍሳት መርዝም ቢሆን ምግብ በሚቀመጥበት እቃ ላይ አይረጭም። እንደዚህ አይነት ነገር የነካው መሶብ ካለ ለምግብ አትሽጪው፣ ለማንም።

ያለቀ እቃ ላይ ነፍሳት ከገባ ንጹህ መፍትሄው ብርድ ነው። እቃው በደንብ ደርቆ፣ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አየሩ ወጥቶለት ታስሮ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት። ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው አትፍቺ፣ አንድ ቀን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ እንደታሰረ ይደር፣ አለበለዚያ ጤዛው ሳሩ ላይ ይቀመጣል። ትልቅ መሶብ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ሰፌድና ክዳን ግን ይገባል። የደብረ ብርሃን የህዳር ውርጭ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ አይበቃም፣ ሌሊት ቢበርድም ቀን ይሞቃል፣ ነፍሳቱ ይተርፋሉ።

አሁን ቫርኒሹን። አናጺው እንጨት ነው የሚያውቀው፣ እንጨት አይታጠፍም። መሶብ ሲነሳ ሲቀመጥ ዙሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቫርኒሹ ይሰነጠቅና ፍርፋሪው እንጀራ ውስጥ ይገባል። ማቅጠኛው ደግሞ አንዳንዱን ቀለም ራሱ ያሟሟዋል፣ ስትቀቢው ቀዩ ወደ ነጩ ሲሮጥ ታይዋለሽ። ከሁሉ የሚብሰው ውስጥ ያለውን እርጥበት ይዘጋበታል፣ ያንቺ መሶብ እግር ላይ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ሻጋታው ላዩ ሳይታይ ውስጡን በልቶ ይጨርስ ነበር። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጌጥ ቀቢ ካልሽ አልከለክልሽም። ለምግብ እቃ ግን አይሆንም። ውጩ ትንሽ ወዝ እንዲኖረው ከፈለግሽ ንጹህ የንብ ሰም በጨርቅ ስስ አድርገሽ ጠርዙን ማሸት ትችያለሽ፣ ውስጡን አትንኪ።

የሹራብ ክሩ ነገር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለም አይለቅም፣ ይፈጥናል፣ ገዢም አለው። የሚሰሩትን ሴቶች አልወቅስም፣ ዳቦ ነው። ግን ዘይትና ወጥ ጠጥቶ ይይዛል፣ ከወራት በኋላ ሽታው አይወጣም፣ እንደ ሳሩም አይተነፍስም። ለጌጥ፣ ለቡና ስኒ ማስቀመጫ፣ ለልብስ ቅርጫት መልካም ነው። ለእንጀራ መሶብ እኔ አልመርጠውም። ከሰራሽም ክር ነው ብለሽ ሽጪ፣ የአለላ ዋጋ አትጠይቂበት፣ ሁለቱን የምታቀላቅል ሰሪ የሁላችንንም ገበያ ነው የምትገድለው።

ስለገዛሽው ሳርም አንድ ቃል። ስንደዶ የሚነቀለው መስከረም ላይ ነው፣ አበባው ወጥቶ አገዳው ገና ሳይደርቅ። አንዱን አገዳ ጣትሽ ላይ ጠምጥሚው፣ ሳይሰበር ከዞረ ደህና ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ዘግይቶ የተነቀለ ወይም ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው፣ ቢዘፈዘፍም ቶሎ ይከዳሻል። ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለበትን አውጥተሽ ጣይው፣ ሻጋታውን ከገበያ ነው ይዞት የመጣው። የስንዴ አገዳ ልጨምር ካልሽ አውድማ ላይ የተበራየው ጭድ አይሆንም፣ ሳይወቃ በማጭድ የታጨደ ሙሉ አገዳ ነው የሚያስፈልግሽ። ከመንዝ የጓሳ ሳር ይምጣልኝ የሚሉም ጠይቀውኝ ያውቃሉ፣ ያ ሳር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛ ለዝናብ ለሚደርበው ጌሳ ነው የሚሆነው፣ ለመሶብ አትልፊበት። ከጓሳ የምትወስጂው ሌላ ነገር ነው፦ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ ሳሩ ሲደርስ በወጣለት ደንብ እየከፈተ ሲያጭደው ኖሯል፣ ደንቡ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር ቢፈርስም ህዝቡ ቦታውን መልሶ በጥብቅነት ይዞታል፣ ሳሩም አለ። ስንደዶ የሚበቅልበት ዳርና ድንበር ደግሞ በየዓመቱ እየታረሰ እየጠበበ ነው። እንደ አንቺ ያሉ ጥቂት ሰሪዎች ሆናችሁ ከአንድ ገበሬ ጋር ተነጋግራችሁ የማሳውን ዳር እንዲያቆይላችሁ ብትከፍሉት ከገበያ ከምትገዙት የተሻለ ሳር ይኖራችኋል፣ ጉቶው እንዳይነቀል አገዳው ብቻ እንዲሳብ አድርጋችሁ።

የተመለሰው መሶብ፦ ገንዘቧን መልሺላት ወይ ሌላ ስሪላት። ቀለሙ አሁን አይስተካከልም፣ መሶቡ አንዴ ከተሰፋ አይፈላም። ሻጋታውን ውጪ ወጥተሽ አፍንጫሽን ሸፍነሽ በደረቅ ብሩሽ አራግፊው፣ ለቀናት ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ከዛ ወስፌውን በእግሩ ዙሮች መሃል አስገብተሽ አውጪና አሽቺው። የሻገተ ሽታ ካለ ውስጡ ገብቷል፣ ዱቄቱም ካልቆመ አብሮ አቃጥይው፣ ከሌላው ሳርሽ ጋር አንድ ቤት አይደር። ሽታ ከሌለው ለክርና ለልብስ ማስቀመጫ ይሁን፣ ለምግብ ግን አይመለስም።

የጥር ሰርጉን ትእዛዝ በተመለከተ፣ ብቻሽን ከሆንሽ 4 መሶብ በደንብ ተነክሮ፣ ተሰፍቶ፣ ደርቆ ለጥር አይደርስም፣ ወይ ሌላ እጅ ጨምሪ ወይ ዛሬውኑ ደውለሽ 2 ይሆናል በያቸው። ነከራውን በዚህ ሳምንት ጨርሺ፣ በእርሾና በዘይት ሳትፈትኚ አንድ ዙር እንዳትሰፊ፣ ወለሉ ያለ ቀለም ይሁን፣ መስፋቱ እስከ ታህሳስ አጋማሽ ይለቅ፣ የቀረው ጊዜ የመድረቂያ ነው። ሚዛኑ መቀነሱን ካላቆመ ሰርጉ ቢደርስም አትላኪው።